የእንጨት ፈረስ ልንጋልብ ሄደን ለቅሶ ተቀመጥን

እስቲ እናንተው ፍረዱኝ። ሰው በገዛ ዕረፍቱ፣ በገዛ እግሩ፣ ከገዛ ሚስቱ ጋር ወጣ ብሎ ልጫወት ቢል ወንጀሉ ምንድን ነው? ሰርቄያለሁ? የሰው ድንበር ገፍቻለሁ? ሚስት አስኮብልያለሁ? ያስኮበለልኩትስ የራሴን ነው! ከአንኮበር ደብረ ብርሃን ብቅ ብለን የእንጨት ፈረስ ላይ ልንወጣ ተነሳን፣ አለቀ። በዚህች ብቻ ስንት ጉድ እንደወረደብኝ ስነግራችሁ ከእኔ ጋር ትቆጣላችሁ። የማትቆጡ ካላችሁ እናንተም ከእነሱው ወገን ናችሁና ከዚህ በላይ አታንብቡ።

ያን ጊዜ አንኮበር አስተማሪ ነበርኩ። አስተማሪ ክረምቱን ያርፋል ይባላል። ማን እንዳለው አላውቅም፤ ያለው ሰው ግን የአንኮበርን ክረምት አያውቅም። ጉሙ ሳያንኳኳ ቤት ይገባል፣ ገብቶም እንደ ባለቤት መደብ ላይ ይቀመጣል። ዝናቡ የጀመረውን ሳይጨርስ ሌላ ይጀምራል። በዚህ ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሰው ሁሉ «አስተማሪው ሥራ ፈቷል» ብሎ ያስባል። ሥራ የፈታ ሰው ደግሞ በእኛ አገር የሚፈለገው ለአንድ ነገር ነው፤ ለለቅሶ።

ሚስቴ አሰገደች የቄስ ልጅ ናት። አባቷ መምሬ ጽጌ መዘዞ አጠገብ አንዲት ደብር ያገለግላሉ። የቄስ ልጅ ማግባት መልካም ነው፣ ምርቃት አይጎድልም። ዘመዱ ግን አያልቅም። ዘመድ ካላለቀ ደግሞ ለቅሶ አያልቅም። ከተጋባን ጀምሮ አብረን ከአንኮበር የወጣንባቸውን ቀኖች ብትጠይቁኝ በቃሌ እነግራችኋለሁ፦ ደነባ ሄደናል፣ አክስቷ አርፈው። አሊዩ አምባ ቁልቁል ወርደናል፣ የወዳጃችን የነጋዴው እናት አርፈው። ሌላም ሌላም፣ ሁሉም አርፈው። እረፍት ያጣነው እኛ ብቻ ነን! ደነባ እንዴት ያለ አገር ነው ብትሏት አሰገደች የምትነግራችሁ ስለ ድንኳኑ ነው፤ ሌላ ያየችው የለም።

አንድ ቀን ታዲያ ከአንዱ ለቅሶ ተመልሰን ነጠላዋን ስታጣጥፍ፣ «እኔ የምልህ፣» አለችኝ፣ «ነጠላዬን ሳላዘቀዝቅ ከዚህ አገር የምወጣበት ቀን የለም?»

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

ፍልሰታ ሊፈታ ሲል፣ ጨው የሚያመላልስ አንድ ሾፌር ቤታችን ጎራ ብሎ ወሬ አመጣ። ደብረ ብርሃን ገበያው አጠገብ ካለው ሜዳ ላይ አንድ ፈረንጅ ሰፍሯል፤ ሙሴ ይሉታል። ሉና ፓርክ የሚባል ነገር ተክሏል። የእንጨት ፈረሶች ክብ ሠርተው ቆመው በሞተር ይሽከረከራሉ፣ ሰው ይወጣባቸዋል፣ ሙዚቃም አለው። ወንዱም ሴቱም ይወጣል። እንቁጣጣሽ ሳይደርስ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ደሴ ያልፋል።

አሰገደች ከጓዳ ማማሰያዋን እንደያዘች ብቅ አለች።

«ፈረሱ ልጓም አለው?» አለች።

«የቆዳ ልጓም ነው እመቤቴ፣ እውነተኛ ልጓም» አላት ሾፌሩ።

ነገሩ የገባኝ ኋላ ስትነግረኝ ነው። ልጅ ሆና ወንድሞቿ በጥምቀት ሜዳውን በፈረስ ሲያቀልጡት እሷ ቆማ እልል ትላለች። አንድ ቀን ልጋልብ ብትል «የቄስ ልጅ በቅሎ ላይ ትቀመጣለች፣ ሰው ይስብላታል» ተባለች። ለሠርጓም ቀን በቅሎ ላይ አስቀምጠው ሁለት ሚዜ ግራና ቀኝ ይዘው አመጡልኝ። «ልጓም በእጄ ይዤ አላውቅም። አንድ ቀን እኔው ልያዘው» አለችኝ። ይኼ ነው እንግዲህ የለመነችኝ ነገር። ወርቅ አላለችም፣ ጥልፍ ቀሚስ አላለችም። የእንጨት ፈረስ! ይኼን የሚነፍግ ባል ባል ነው?

ጾሙ እንደተፈታ ሄድን። ነገር ግን ወዴት እንደምንሄድ ለሰው አልተናገርንም። የመንግሥት አስተማሪና የመምሬ ጽጌ ልጅ የእንጨት ፈረስ ላይ ሊሽከረከሩ ሄዱ ቢባል፣ መስከረም ሲጠባ ተማሪዎቼ ፊት በምን ዓይኔ ልቆም ነው? እናም ጎረቤት «ወዴት ነው?» ሲለን «ደብረ ብርሃን» አልን። «ለምን?» ሲለን «ዝም ብለን ነው» አልን።

ያቺ «ዝም ብለን ነው» ናት ያጠፋችን። በእኛ አገር በክረምት ዝም ብሎ የሚሄድ ጎርፍ ብቻ ነው። ሰው አይሄድም። ሰው በነሐሴ ጭቃ ከተነሳ ወይ ታሟል፣ ወይ ተከሷል፣ ወይ ሰው ሞቶበታል። ይኼን አውቅ ነበር፤ ግን ያን ቀን ልቤ የእንጨት ፈረሱ ላይ ነበር።

ከአንኮበር በጭነት መኪና ጋቢና ተጣብቀን ተጓዝን። መንገዱ መንገድ እንዳይመስላችሁ። መኪናው አንዴ ወደ ገደሉ፣ አንዴ ወደ ሾፌሩ እየተንጋደደ ሆዴን ገለበጠው። አሰገደች ግን የአበባ ቀሚሷን ለብሳ፣ ጠጉሯን ሹሩባ ተሠርታ፣ መንገዱን ሙሉ ታንጎራጉራለች። እኔ እያጥወለወለኝ፣ እሷ እየዘፈነች ደብረ ብርሃን ገባን። ደብረ ብርሃንም እንደ ልማዷ በብርዷ ጥርሳችንን እያንቀጫቀጨች ተቀበለችን።

መቼም ዘመድ ባለበት ከተማ ሆቴል አይታደርም። ብታድሩ እስከ ልጅ ልጃችሁ ይወራባችኋል። ስለዚህ የአሰገደች አጎት፣ የመምሬ ጽጌ ታናሽ ወንድም፣ ጋሼ ክፍሌ ቤት ገባን። ጋሼ ክፍሌ ባና የሚባለው የሱፍ ብርድ ልብስ ነጋዴ ናቸው፤ እንደሚሸጡት ባና ወፍራም፣ ኮስታራ ሰው። ባለቤታቸው እትዬ ብዙነሽ ደግሞ እሳቸው ያልደረሱበት ለቅሶ በከተማው እንደ ለቅሶ አይቆጠርም። ከሩቅ ሲያዩን እጃቸውን አገጫቸው ላይ አደረጉ።

«በደህና ነው በዚህ ክረምት?» አሉ።

«ደህና ነው። ዝም ብለን ነው» አለች አሰገደች፣ እየሳቀች።

«መምሬስ?»

«ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ እኔ። ሆዴን ጨብጬ ነበርና ድምፄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ።

እራት ቀረበ። ለእንግዳ ዶሮ ታርዷል። አሰገደች ጥሩ በላች። እኔ መኪናው ሆዴን ስላመሰው አንድ ጉርሻ ወስጄ እጄን ሰበሰብኩ። «ብላ እንጂ!» ቢሉኝ «አይሄድልኝም» አልኩ። እትዬ ብዙነሽ ባላቸውን አዩ። ባላቸው እኔን አዩ። ነገሩ ሆዴ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እነሱ ሌላ ነገር እያዩብኝ ነው።

ጋሼ ክፍሌ በረት ላሳይህ ብለው ወደ ደጅ አወጡኝ። በረቱን አላሳዩኝም።

«ልጄ፣» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔ ወንድ ነኝ፣ እችለዋለሁ። እውነቱን ንገረኝ። ምን አመጣችሁ?»

እንግዲህ ፍረዱ። እኒህን የመሰሉ ኮስታራ፣ ሽማግሌ፣ እድር የሚመሩ ሰው ፊት ቆሜ «የእንጨት ፈረስ» ልበል? አፌ አልታዘዝ አለኝ። ሲነጋ፣ ልብስ ከለበስኩ በኋላ፣ ቀለል አድርጌ በጨዋታ እነግራቸዋለሁ ብዬ አሰብኩ። እናም ካፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ አንዲት ቃል ወጣችኝ።

«ነገ ጠዋት እነግርዎታለሁ» አልኩ።

ጋሼ ክፍሌ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ትከሻዬን ያዙ። «ገባኝ» አሉ። «ገባኝ ልጄ። ጥሩ አደረግህ።»

ምኑ እንደገባቸው እኔ አልገባኝም። ግን «ጥሩ አደረግህ» ሲባል ደስ ይላልና ደስ ብሎኝ ገባሁ፣ ተኛሁ።

አያችሁ? የእኛ አገር ሰው ዘመድ ሲሞትበት በቀጥታ «ሞተብህ» አይባልም። መርዶ የያዘ ሰው «ደህና ነው፣ ዝም ብለን ነው» ይላል፣ እህል አይሄድለትም፣ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፣ ነገሩን ለማለዳ ያቆየዋል። ሴት ልጅ ደግሞ የአባቷን መርዶ ባል ቤት አትረዳም፤ በሆነ ሰበብ አታለው ዘመድ ቤት ይወስዷታል፣ እዚያ ወገን ተሰብስቦ ይነግራታል። እኔ ያን ሁሉ ሥርዓት ሳላስበው፣ አንዲት ሳላጓድል ፈጽሜው ነበር! ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት እኔ ነኝ።

ጎህ ሲቀድ አሰገደች ተነስታ የአበባ ቀሚሷን ለብሳ፣ «ሰው ሳይበዛ ቀድመን እንውጣ» እያለችኝ ጫማዋን ታስራለች። በሩ ተከፈተ። እትዬ ብዙነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ከኋላቸው ሌላ ሴት፣ ከኋላዋም ሌላ፣ ቤቱ ሞላ። ወንዶቹ ደጁን ሞልተውታል።

«ቻይው የኔ ልጅ» አሉ እትዬ ብዙነሽና አቀፏት። «ቻይው። አባትሽ...»

ከዚያ በኋላ አሰገደች ያወጣችውን ድምፅ አልነግራችሁም። በዚያ አልቀልድበትም። ወለሉ ላይ ስትወድቅ ጫማዋ አንዱ ታስሯል፣ አንዱ አልታሰረም ነበር። እኔም አለቀስኩ። መምሬ ጽጌን እወዳቸዋለሁ፤ ደሞዜ ትንሽ ነው ብለው ልጃቸውን ያልከለከሉኝ እሳቸው ናቸው። ማን እንዳረዳቸው አልጠየቅኩም። ሰው በለቅሶ መሃል ወሬውን ከየት አመጣችሁት ይላል? እናንተ ትላላችሁ?

ጥሩንባ ተነፋ። ድንኳን ተተከለ። ባቄላና ስንዴው ለንፍሮ ተጣደ። ያን ጥሩንባ ነፊ እስከ ዛሬ ድረስ አልወደውም፤ ዳገቱን ሁሉ ዞሮ ነው የነፋው። ዝናቡም መጣ፣ ሰዉም መጣ፣ ከቀትር በፊት ከተማው ሁሉ «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎናል። እኔም ጭድ ላይ ተቀምጬ «አሜን፣ አሜን» እላለሁ።

ጋሼ ክፍሌ ከአጠገቤ ተቀመጡና እጄን ያዙ።

«አንተ ግን ሰው ነህ» አሉ። «በሰበብ አታለህ፣ ሆድህን ችለህ፣ ልጅቷን እየሳቀች ከወገኗ አደረስካት። ከአስተማሪ ይኼ ብልሃት ይወጣል አላልኩም ነበር።»

«አልገባኝም ጋሼ።»

«ተወው። ለመሆኑ መምሬ ሕመማቸው ምን ነበር?»

«እኔማ ምኑን አውቄው? ከእርስዎ ነው የሰማሁት እንጂ» አልኩ።

«ከእኔ?» አሉ። «እኔ ከአንተ አይደል እንዴ የሰማሁት?»

ተያየን። ዝናቡ ድንኳኑን ይደበድባል። ቀስ እያለ ነገሩ ገባኝ። ማንም አላረዳቸውም! ማንም ከመዘዞ አልመጣም! እኔው ነኝ ሰውየውን የገደልኳቸው፣ ዶሮ ወጥ ባለመብላት!

ብድግ አልኩ። «አልሞቱም!» ብዬ ጮኽኩ። «ጎበዝ፣ መምሬ ጽጌ አልሞቱም! ስህተት ነው!»

ይኼን ስል ሰው እልል ይላል ብላችሁ ጠብቃችኋል? እኔም ጠብቄ ነበር። ሰው ግን ከንፈሩን መጠጠ። «አዬ፣ ሐዘኑ አናቱ ላይ ወጣ» አለ አንዱ። «አማቹን ይወድ ነበር» አለ ሌላው። «አልሞቱም ስላችሁ!» ባልኩ ቁጥር ይብስባቸዋል። አንድ አዛውንት ተነስተው ጠበል አምጡ አሉ። በደብረ ብርሃን ነሐሴ፣ በዚያ ብርድ፣ አንድ ጣሳ ጠበል አናቴ ላይ ደፉብኝ። ጤነኛ ነኝ ብዬ እንዳልምል ጥርሴ እየተንገጫገጨ አላናግር አለኝ።

እየተንቀጠቀጥኩ ወደ ሴቶቹ በኩል ሄጄ አሰገደችን አስጠራኋት። ዓይኗ አብጦ፣ ድምፅዋ ጠፍቶ መጣች።

«አሰግዬ፣ አባትሽ አልሞቱም።»

«ማን ነገረህ?»

«ማንም አልነገረኝም። ማንም አልነገረኝም እኮ ነው የምልሽ! ማንም ለማንም አልነገረም።»

ፊቷን አዞረች። «እንዲህ አታድርገኝ» አለች። «ሞተዋል ካላችሁ በቃ ላልቅስላቸው። ደግሞ አልሞቱም አትበሉኝ። በዓይኔ ካላየኋቸው አልሰማም።»

ይኼን ስትል ነው ከልቤ የተናደድኩት። እዚህ ድረስ ያመጣኋት እንድትስቅ ነበር! በጋሼ ክፍሌ ላይ፣ በእትዬ ብዙነሽ ላይ፣ በዶሮው ላይ፣ በራሴም ላይ ተናደድኩ። ጋሼ ክፍሌን ጎትቼ ወደ መንገድ አወጣኋቸው። እሳቸውም መጠራጠር ጀምረው ነበር፤ ግን ድንኳን ከተከሉ በኋላ መጠራጠር ለእድር መሪ ከባድ ነው። ወደ መዘዞ የሚያልፍ ሾፌር አቁመን፣ «ስለ መምሬ ጽጌ እርግጡን ጠይቀህ ላክልን» አልነው። ማለልን፣ ሄደ።

ያን ዕለት ከሰዓት ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ከሜዳው በኩል ሙዚቃ ተሰማ። ያ የፈረንጅ ሙዚቃ፣ አኮርዲዮን ነገር፣ ያ የሉና ፓርኩ! አሰገደች ካለችበት አንገቷን ቀና ስታደርግ አየኋት። ወዲያው ደፋች። ሽማግሌዎቹም ሰሙት። «ለቅሶ አጠገብ ዘፈን!» ብለው ሰው ላኩበት። ሙዚቃው ቀጥ አለ። ፈረሶቹም ቆሙ። ከአንኮበር ያን ሁሉ ገደል ተንከባልለን የመጣንበትን ነገር የእኛው ለቅሶ ዘጋው! ላልሞተ ሰው!

ይባስ ብሎ ሙሴ ራሱ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ከጎኔ አስቀመጡት። «እኔ በጣም አዝኖ» አለኝ። ንፍሮ ሰጡት። ቀመሰ፣ ደግሞ ቃመ፣ «ይሄ ጥሩ ነው» አለና እፍኝ ሙሉ ጨመረ። «ነገ እኔ ሂድ ደሴ» አለኝ እያኘከ። «እዚህ ዝናብ፣ እዚህ ለቅሶ። ቢዝነስ የለም።» ምን ልበለው? እኔ ፈረሱ ላይ ልወጣ መጥቼ ባለፈረሱ ከጎኔ ንፍሮ ይቅማል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አሉ!

አሁን ስለዚያ ሾፌር ልንገራችሁ። መዘዞ ደረሰ፣ ጠየቀ፣ መምሬ ጽጌን ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ በአካል አገኛቸው። ደህና፣ ቀይ፣ መቋሚያቸውን ይዘው። ሰው በሕይወት ቆሞ ሲያዩት ጉዳዩ አለቀ አይደለም? አላለቀም። ሾፌሩ ጨዋ ሰው ነበር። ሰውየውን ራሳቸውን «ሞተዋል ወይ?» ብሎ እንዴት ይጠይቅ? «ተለቅሶልዎታል» እንዴት ይበል? ነውር ነው። አሰበ አሰበና «አባ፣» አላቸው፣ «ደብረ ብርሃን ጋሼ ክፍሌ ቤት ድንኳን ተተክሏል። ዝም ብለው ቢደርሱ ይሻላል።» ይኼንኑ ብቻ!

እኛ ታዲያ በማግስቱ፣ ሜዳው ላይ ሙሴ ዕቃውን ሲጭን መዶሻው እየተሰማን፣ አሰገደች አንዴ ወደ መንገዱ፣ አንዴ ወደ ሜዳው እያየች ተቀምጠናል። የጨው መኪና መጣና ድንኳኑ ፊት ቆመ። ከውስጡ አንድ ቄስ ወረዱ። ጥምጥማቸው ተፈትቶ ትከሻቸው ላይ ወድቋል፣ ጭቃው ውስጥ ሲሮጡ ይደናቀፋሉ።

«ወንድሜን! ወንድሜን!» ይላሉ። «ክፍልዬን! እኔን አስቀድመህ ቅበረኝ ብዬህ፣ ቀደምከኝ?»

ሴቶቹ አለማየታቸው ጉድ ነው። አዲስ ለቀስተኛ መስሏቸው «ወዬው!» ብለው ተቀበሏቸው። ድንኳኑ ተናጋ። መምሬ ጽጌ እያለቀሱ ገቡ፣ ሰዉ ለመምሬ ጽጌ እያለቀሰ ጎንበስ ብሎ መንገድ ለቀቀላቸው። ጋሼ ክፍሌ እንግዳ ሊቀበሉ ብድግ አሉ። ሁለቱ ወንድማማቾች ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

«መምሬ!» አሉ ጋሼ ክፍሌ።

መምሬ ጽጌ መቋሚያቸው ከእጃቸው ወደቀ። «አንተ... አልሞትክም?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ የሞቱት!»

«እኔ? ማነው ያለው?»

እትዬ ብዙነሽ ያን ሁሉ ለቅሶ ችለው፣ ይኼን ግን አልቻሉም፤ ተዘረሩ። ሙሴ ለስንብት ገብቶ ኖሮ ንፍሮው አፉ ውስጥ ቀረ። ከዚያ ከሴቶቹ መሃል አሰገደች ወጣች። አልሮጠችም። ቀስ ብላ መጥታ የአባቷን ፊት በሁለት እጇ ያዘች፣ ጢማቸውን ዳሰሰች፣ ከዚያ እግራቸው ሥር ቁጭ ብላ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች። ሁለቱ ወንድማማቾችም ተቃቅፈው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፣ ይኼኛውን በደስታ።

ደስታው ግን እንጀራ ተቆርሶ ሳያልቅ አለቀ። ሰው ደስታውን ሲጨርስ ጥፋተኛ ይፈልጋል። ሁሉም ዞሮ እኔን አየ።

«ሰው በቁሙ ገድሏል» አሉ ጠበል ያስደፉብኝ አዛውንት።

«እኔ ሞቱ አላልኩም! ሰው ይጠየቅ!» አልኩ። «እኔ ያልኩት ‹ነገ ጠዋት እነግርዎታለሁ› ብቻ ነው!»

«ይኸው አመነ!» አለ ድንኳኑ ባንድ አፍ።

«ኧረ ሆዴን አሞኝ ነው ያልበላሁት!»

«እህልም አልበላም!» አሉ እትዬ ብዙነሽ፣ ከተዘረሩበት ቀና ብለው።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ የእድር ሽማግሌስ? ተፈረደብኝ። ድንጋይ ተሸክሜ መምሬ ጽጌን ይቅርታ ልጠይቅ። ድንጋዩን ከአጥሩ ካብ ራሳቸው መረጡልኝ፤ አንድ ትንሽዬ ነበረች፣ እሷን አለፏት። አንገቴ ላይ አስቀመጡልኝ። ጭቃው ውስጥ አማቼ ፊት ተንበረከክሁ። መቼም ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው «አንሱለት» እስኪባል ድረስ ድንጋዩን አያወርድም፤ ሥርዓቱ ነው።

መምሬ ጽጌ መስቀላቸውን አነሱ። «ይቅር» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ቆም አሉ።

«ለመሆኑ ግን ምን ፈልጋችሁ መጣችሁ?»

ከድንጋዩ ሥር ሆኜ መሬቱን አየሁ። እንጨት ፈረስ የምትለዋ ቃል አሁንም አልወጣ አለችኝ።

«ልንጫወት ነው አባዬ» አለች አሰገደች።

«ምን አልሽ?»

«ልንጫወት ነው የመጣነው። እዚያ ሜዳ ላይ የእንጨት ፈረስ አለ። እሱ ላይ ልወጣ ነው የመጣሁት። ልጓም በእጄ ልይዝ። ማንም ሳይስብልኝ። እሱ ምንም አላጠፋም፣ እኔ ነኝ ውሰደኝ ያልኩት። ለሰው መናገር አፍረን ነው። አሁን ግን አላፍርም። እርስዎን ቀብሬ ከተነሳሁ በኋላ ምን አፍራለሁ?»

መምሬ ጽጌ ልጃቸውን አዩ፣ የረጠበ የአበባ ቀሚሷን አዩ፣ ሙሴን አዩ።

«የታለ ፈረሱ?» አሉ።

«አለቀ» አለ ሙሴ። «ሞተር ጫንኩ። ፈረስ ብቻ ቀረ። ሞተር የለም፣ ፈረስ አይዞርም።»

መምሬ ጽጌ ወደ እድርተኛው ዞሩ። «ጎበዝ!» አሉ። «ልትሸከሙኝ የመጣችሁ አይደላችሁም እንዴ? ያን ጉልበት ወዴት ልታደርጉት ነው? ተነሱ!»

ድንኳኑ ተነቅሎ የሄደ መሰለ። ሰው ሁሉ በጭቃው ወደ ሜዳው ነጎደ፤ አልቃሾቹ፣ ሽማግሌዎቹ፣ ጥሩንባ ነፊው ሳይቀር። ሙሴ «ማማ ሚያ» እያለ ከኋላ ይሮጣል። እኔስ? እኔን ማን አስታወሰኝ! «ይቅር» ሳይባል፣ «አንሱለት» ሳይባል፣ ድንጋዬን አንገቴ ላይ እንዳጋደምኩ ብቻዬን ጭቃ ውስጥ ቀረሁ። ብጥለው ሥርዓት ማፍረስ ነው፤ ከእንግዲህ ሌላ ክስ አልሸከምም። እንደተሸከምኩት ተነስቼ ተከተልኳቸው።

ስደርስ አሰገደች ነጩ ፈረስ ላይ ወጥታለች። እንደ ወንድ አንፈራጥጣ! አንድም ሰው «ነውር ነው» አላለም። እድርተኞቹ ክቡን ግራና ቀኝ ይዘው በትከሻቸው ይገፋሉ። ክቡ መጀመሪያ አልንቀሳቀስ አለ፣ አንቋረረ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ዞረ። ጋሼ ክፍሌም ጋቢያቸውን ጥለው ገብተው «ሆ!» ይላሉ። እትዬ ብዙነሽ እልል ብለው አሰሙት፤ ለካ እልልታም ያውቁበታል። መምሬ ጽጌ ልጃቸው ባለፈች ቁጥር በመቋሚያቸው መሬቱን መታ፣ መታ ያደርጋሉ።

አሰገደች ሁለቱንም እጇን ልጓሙ ላይ አድርጋለች። አፏን በነጠላ አልሸፈነችም፣ ሳቋን አልዋጠችም። እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር። በአጠገቤ ስታልፍ አላየችኝም፣ ዞራ መጣች፣ አሁንም አላየችኝም። ወንዶቹ ደከሙ፣ ክቡ ሊቆም ሲያዘግም ዞር ብላ አየችኝ፤ ድንጋይ ተሸክሜ፣ ጠበልና ዝናብ አበስብሶኝ፣ ማንም ይቅር ያላለኝን።

«አንተ!» አለችኝ ከፈረሷ ላይ። «ምን ትገተራለህ? ድንጋዩን ጣልና ግፋ እንጂ!»

ድንጋዩን ጣልኩና ገፋሁ።